ሃምሳ ሰባት ዝናብ

«ክፍት የሥራ ቦታ» ይላል የዳቦ ቤቱ መስታወት፤
ቦታውስ ክፍት ነው እንበል፣ በሩ ግን በየት?
ጀማሪ የመዝገብ ረዳት፣ በወደብ ጭነት ድርጅት።
ደረጃ፦ መነሻ።
የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት።

ሁለቴ አነበብኩት።
በኛ ሕንፃ ደረጃ ከመሬት ነው የሚነሣ፤
ይኼኛው ከወገቤ በላይ ይጀምራል፤
ግንበኛው መሰላሉን ወደ ላይ ስቦት ነው፣ ወይስ ረሳ?

እናቴ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ
ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ አንቀላፍታ፣
እኔ የመብራት ሒሳቡን ገፋ አድርጌ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ
«ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ» አልኩ።
ክቡር ይሁኑ ክብርት ግን ማን ያውቃል? ማንስ ነግሮኝ ነው ወይ?

«ስሜ ማይቴ ኤቼቨርሪ፣ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፤
ታታሪ፣ ታማኝ፣ ፈጣን…» እዚህ ጋ ጣቴን አመመኝ።
ሰረዝኩት። ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ንጹሕ ነበር።
ታታሪና ታማኝ ማለት ሌባም አያቅተው ሲቀጠር።
ቅጥር ያልነው ነገር ለካ የግንብ አጥር ኖሯል፤
የገባ በር ይለዋል፣ የቀረ ድንጋዩን ይቆጥራል።

ልምድ።
ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው ልምዴን ፈለግሁት፤
ከአክስቴ ከኦፌሊያ ጋር፣ ከፌርማታው ጎን፣ ከድስቱ ኋላ አገኘሁት።
እዚህ ሞንቴቪዴዎ ሰማዩ ሲያጉረመርም
ሰው ሁሉ ቶርታ ፍሪታ ያምረዋል፤ ለምን እንደሁ የሚያውቅ የለም።
ጠፍጣፋ ሊጥ ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ፣ በሞራ የሚጠበስ፣
ስኳር ተነስንሶበት፣ በወረቀት ተይዞ፣ እየተቃጠሉ የሚጎረስ።
ፀሐይ ከወጣች ግን ማንም ዞሮ አያየው፤
የሱቃችን ቁልፍ ሰማይ ላይ ነው።

እናም ቆጠርኩ። ያለፈው ክረምት ሠላሳ አንድ ዝናብ፣
የፊተኛው ሃያ ስድስት፤ ካፊያውን ሳላስብ፣
ነፋሱ ጃንጥላችንን ነጥቆ ወንዙ ውስጥ የጣለበትንም ቀን ትቼ።
ሃምሳ ሰባት ዝናብ ስንት ዓመት ይሆናል?
«መጀመሪያ መለኪያውን አስተካክዪ» ይሉ ነበር መምህር ፒኜይሮ፤
ዝናብን ወደ ዓመት መቀየር ግን ማን አስተምሮ?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«መልስ በጭንቅላቴ እቆጥራለሁ፤
በግራ እጄ ሊጥ፣ በቀኜ ሳንቲም፣ ሁለቱ ተነካክተው አያውቁም።
ወረፋው ሲረዝም ማን ማንን እንደቀደመ አልስትም።
ሞራ ከመፍላቱ በፊት ድምፁ ይለወጣል፤ ያንን እሰማለሁ።
ሰማያዊ ካፖርት የሚለብሱት አዛውንት ጥርስ የላቸውም፤
ሳይጠይቁኝ ስሱን እመርጥላቸዋለሁ።
አንድ ማክሰኞ አንድ መርከበኛ፣ መቶ ፔሶ መስሎት
የሺህ ኖት ሰጥቶኝ ሄደ።
በዝናብ ሮጥኩ፣ እስከ ወደቡ በር።
የእናንተን ግንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነበር።
ዘበኛው እኔን አላስገባኝም፤
ገንዘቡን ግን አስገባልኝ።»

ታማኝ የሚለውን ቃል መልሼ አልጻፍኩትም።

ከዚያ የተለመደው፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» እያልኩ
መስኮቱን አንድ ነገር ጠብ፣ ጠብ ሲያደርገው ሰማሁ።
ከደረጃው ሥር ኦፌሊያ ጠራችኝ፤
ሁለቴ መጥራት ልማዷ አይደለም።
አንድ መስመር ቀርቶኛል፦ «ሥራ የምትጀምሪው መቼ?»
ቆሜ፣ አንድ እጄን ኮቴ ውስጥ አስገብቼ፣
«ወዲያው» ብዬ ጻፍኩ፤ ትንሽ አሰብኩና
«ዛሬ ግን አይደለም» አልኩበት፣ «እየዘነበ ነውና።»

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ
«ላክሽው?» አለች።

«ሃምሳ ስምንት» አልኳት፣ በሩን እየዘጋሁ።